ክንድ የሚያውቀው ኪሎ

ጥቅምት 3 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት እትዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? የዋርዱ ልጆችስ? ፈጣሪ ዕድሜዎን ከጤና ጋር ያርዝምልኝ። እኔ ሥልጠናው ቦታ በሰላም ገብቻለሁ፤ ብርዱን ካልቆጠርነው ምንም አልጎደለብኝም። ልደውል ብዬ ስልኩን ካነሣሁ በኋላ የሸኙኝ ዕለት ያሉኝ ትዝ አለኝ። «በስልክ ሁሉም ሰው ደህና ነው፤ እውነቱን በወረቀት ጻፊልኝ» ብለውኛል። ይኸው ወረቀት።

እትዬ፣ ከምኑ ልጀምርልዎት? አሥር ዓመት ነርስ ሆኜ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ስድስቱን ከእርስዎ ሥር። ልጅ ሲታመም፣ ሲድንም፣ ሲሞትም አይቻለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። የሕፃናት ፅኑ ሕሙማን ክፍል በር የተከፈተልኝ ቀን ግን እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። አሥራ ሁለት አልጋ ነው። በየአልጋው አንድ ልጅ፣ በየልጁ ራስጌ አንድ ነርስ። አንድ ልጅ ለአንድ ነርስ! ሠላሳ አራት ልጅ በሁለት ነርስ ሲያስተዳድሩ የኖሩት እርስዎ ይህን ሲያነቡ «ታዲያ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራሉ?» እንደሚሉ አውቃለሁ። እኔም ብዬ ነበር። ያዩታል እትዬ። ዓይናቸውን ከልጁ ላይ አይነቅሉም።

አንድ ሕፃን አለ፣ ከመዳፌ እስከ ክርኔ አይሞላም። ልቡ ከአውራ ጣት አትበልጥም ነበር አሉኝ፤ ያቺን ከፍተው፣ ሰፍተው፣ ዘግተዋታል። ሰባት ቱቦ ተሰክቶለታል። አጠገቡ ቆሜ ሳየው ዕንባዬ መጣ፤ ከሐዘን ግን አይደለም። ሰው እንዲህም ይችላል ለካ ብዬ ነው።

አሠልጣኛችን አጭር፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሲስተር ናቸው። እኛ ሠልጣኞቹ እሳቸው በሌሉበት «ባለደቂቃዋ» እንላቸዋለን። የመጀመሪያውን ሳምንት ልጅ መንካት ከለከሉን። በአልጋው ግርጌ ቆመን፣ እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ልጁን ማየት ብቻ ነው። ሞኒተሩን ቀና ብሎ ያየ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ደቂቃው ሲያልቅ «ምን አየሽ?» ይላሉ። በመጀመሪያው ቀን «ይተነፍሳል» አልኳቸው። «እሱንማ እናቱም አይታለች» አሉኝ። በአምስተኛው ቀን የአፍንጫው ጫፍ ሲከፈት፣ የአንገቱ ሥር ሲሰረጉድ፣ የግራ ደረቱ ከቀኙ ዘግይቶ ሲነሣ አየሁ። አንድ ደቂቃ ያን ያህል ረጅም መሆኑን በዚህ ዕድሜዬ ገና ማወቄ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርዎትና ይሳቁ። እዚህ አልጋው ራሱ ሚዛን ነው። ልጁ ሳይነሣ፣ እንደ ተኛ፣ ኪሎው በቁጥር ይወጣል። ወዲያው እርስዎ ትዝ አሉኝ። ለባለደቂቃዋ ነገርኳቸው፤ አክስቴ ልጅ አቅፈው ኪሎውን ይናገራሉ፣ ከግማሽ ኪሎ በላይ አይስቱም፣ ሰው ሁሉ «ሚዛን» ነው የሚላቸው፣ እናቶቹን «ዛሬ ደግሞ ስምንት ኪሎ ድንች ይዘሽልኝ መጣሽ?» እያሉ ያስቋቸዋል አልኳቸው። ሁሉም ሲስቅ እሳቸው አልሳቁም። «ለምን ጀመሩት?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ። እውነትም ጠይቄዎት አላውቅም።

የምትወድዎት የወንድምዎ ልጅ፣ ጭምትዎ


ጥቅምት 26 ቀን

ለልጄ፣ ለወንድሜ ልጅ፣ ለጭምቷ፤

የሄድሽበት ይቅናሽ፣ የያዝሽው ይባረክልሽ፣ ብርዱም ይማርሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ስሙ ስለ ተነሣ ደስ ብሎት ነው መሰለኝ ሰሞኑን ተወት አድርጎኛል።

አልጋው ይመዝናል አልሽኝ? እንግዲህ ከሥራ ሊያስወጣኝ ነው። ግን እስቲ ጠይቂልኝ፤ መዝኖ ሲጨርስ እሹሩሩ ይላል? ካላለ ገና ቦታዬን አልወሰደም።

እዚህ ዋርዱ እንደምታውቂው ነው። ባለፈው ሳምንት ልጅ በዝቶብን በአንድ አልጋ ሁለት ሁለት አስተኝተናል። ደስ የሚልሽን ልንገርሽ፤ አዲሱ የሕፃናት ፅኑ ሕሙማን ክፍላችን ተቀብቶ አልቋል! አራቱም አልጋ ገብቷል። ማሽኖቹ ከነላስቲካቸው ቆመዋል። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፣ በክር አስሬ ከአንገቴ አላወልቀውም። ከላይ የመጣው ደብዳቤ ግን ቁርጥ ያለ ነው፤ ፈተናውን አልፋ ምስክር ወረቀት የያዘች ነርስ ካልተመደበች ክፍሉ አንድ ልጅ አይቀበልም። እስከዚያው የጠናባቸውን ወደ ትልቁ ሆስፒታል እንልካለን። መንገዱ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ ሁሉም አይደርሱም። ይህን ላንቺ መንገር የለብኝም፤ ስንቱን አብረን ሸኝተናል። ብቻ ያ ወረቀት ያንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ።

ትልቁ ዶክተር ልጆቹን ሊያዩ ራውንድ በወጡ ቁጥር «ጭምቷ መቼ ነው የምትመጣው?» ይሉኛል። ጡረታ ሳይወጡ ክፍሉ ተከፍቶ ማየት ነው ምኞታቸው። ትናንት በሰው ፊት «እንደ እሷ ያለች ነርስ አላየሁም፤ ያዘዝኳትን ቃል ሳይወጣት ነው የምትፈጽመው» አሉ። እንዴት እንደ ኮራሁ! እኔ አይደለሁ ያሳደግኩሽ?

ካገኘሽ ለሕፃን ክንድ የሚሆን የደም ግፊት መለኪያ ጨርቅ ላኪልኝ። የእኛው የአዋቂ ነው፤ ሁለት ጊዜ ስንጠቀልለው ልጁ ከነክንዱ ይጠፋብናል። ስለ ድንቹ ለጠየቁሽ ሲስተር ደግሞ ዝም ብሎ ልማድ ነው በያቸው።

አክስትሽ


ኅዳር 21 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎት እትዬ፤

ይህ ደብዳቤ በጤናና በደስታ ያግኝዎት። መለኪያውን በሦስት ልክ አግኝቼ ወደዚያ በሚመጣ ሰው ልኬያለሁ። ትንሿን ሲያዩ ለአሻንጉሊት የተሠራች ይመስልዎታል፤ ለሰው ናት።

እዚህ ያየሁትን ካልነገርኩዎት ያፍነኛል። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ሳንባዋ ተጎድቶ ዘጠኝ ቀን በመተንፈሻ ማሽን ላይ ነበረች። ባለደቂቃዋ አባቷን «ያዋሯት፤ ትሰማ ይሆናል» አሉት። ሰውየው ወሬ የማያውቅ ዝምተኛ ግንበኛ ነው። ምን እንደሚላት ቢጠፋው ጋዜጣ ይዞ እየመጣ የኳስ ውጤት ያነብላት ጀመር። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ማን ማንን እንዳሸነፈ! በአሥረኛው ቀን ቱቦው ከጉሮሮዋ ሲወጣ እጇን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ቆምን። ደረቷ ተነሣ፣ ወረደ፣ እንደገና ተነሣ። ዓይኗን ገለጠችና ጣሪያውን አየች፣ እኛን አየች፣ ከዚያ በሻከረ ድምፅ «ጫማዬስ?» አለች። አባቷ ተንደርድሮ አልጋው ሥር ገባ፤ በላስቲክ አስሮ አስቀምጦት ኖሯል። እትዬ፣ አሥራ አንድ ባለሙያ ቆመን አንዲት ልጅ ጫማዋን ስለ ጠየቀች አለቀስን። ያን ቀን ወደ ማደሪያዬ ስመለስ በመንገድ የማገኘውን ሰው ሁሉ ትንፋሽ እያየሁ ነበር። ይህ ሁሉ ሰው ማንም ሳይረዳው ይተነፍሳል! ተአምር ሆነብኝ።

አሁን በወረቀት የሚነገረውን ልንገርዎት። ወድቄያለሁ።

የተግባር ፈተናው በልምምድ ክፍል ነው። አሻንጉሊት አለ፣ የሦስት ዓመት ልጅ የሚያህል። ይተነፍሳል፣ ያለቅሳል፣ ሲባባስበት ከንፈሩ ይጠቁራል። መዝኜዋለሁ፤ አሥራ ሁለት ኪሎ ነው። መንቀጥቀጥ ጀመረው። ትእዛዝ የሚሰጡት እውነተኛ ሐኪም ናቸው፣ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ ትልቅ ሰው። የመንቀጥቀጥ ማቆሚያውን መርፌ ለሃያ ኪሎ ልጅ አስልተው አዘዙ። መሳሳታቸው ገብቶኛል። ለእንዲህ ያለ ጊዜ የተማርነው፣ ሐኪምን የሚያስቆም ንግግር አለ፤ ምላሴ ላይ ነበር። ቀና ብዬ ሽበታቸውን ሳይ ጠፋኝ። ሰጠሁት። የአሻንጉሊቱ ደረት ቆመ፣ ከንፈሩ ጠቆረ።

ባለደቂቃዋ «ታውቂ ነበር?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «ለምን ዝም አልሽ?» ሲሉኝ ያልኩትን ስጽፍልዎት እንኳ ፊቴ ይቃጠላል፤ «ሐኪሙ ትልቅ ሰው ናቸው» አልኩ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሌሎቹ ጓደኞቼ በሙሉ አልፈዋል። የየካቲቱን ድጋሚ ካላለፍኩ የምይዘው ተካፍላለች የሚል ወረቀት ብቻ ነው፤ በእሱ ክፍሉ አይከፈትም።

አንድ ቃል ይጻፉልኝ።

ጭምትዎ


ጥር 9 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎት እትዬ፤

እንደምን ሰነበቱ? ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። ይህን የምጽፈው ላለፈው ደብዳቤ መልስ ሳላገኝ ነው፤ ሰባት ሳምንት ቆጥሬያለሁ። ሾፌሩ ልጅዎ ጋ ደውዬ «ደህና ናት፣ መለኪያውም ደርሷታል» አለኝ፤ እንግዲህ በስልክ ሁሉም ሰው ደህና ነው።

አፍረውብኝ ከሆነ እረዳለሁ። በሰው ፊት ኮርተውብኝ ነበር። ለትልቁ ዶክተር ምን እንዳሏቸው አላውቅም፤ እውነቱን ቢነግሯቸውም አልቀየምዎትም። ድጋሚው የካቲት 20 ነው። ማታ ማታ ሳይሆን ጠዋት ስነሣ ነው የሚጨንቀኝ፤ አራቱ አልጋ ከነላስቲካቸው ይታዩኛል።

የወንድምዎ ልጅ


ጥር 27 ቀን

ለልጄ፣ ለወንድሜ ልጅ፤

ጤና ይስጥሽ፣ ልብሽንም ይጠግንልሽ። አላፈርኩብሽም። ደብዳቤሽን በጋዋኔ ኪስ ይዤው ስዞር ነው የከረምኩት፤ ሁለት ጊዜ ከነኪሱ ታጥቦ ቀለሙ ለቋል። ችግር የለም፣ በቃሌ ይዤዋለሁ። «ሐኪሙ ትልቅ ሰው ናቸው» ያልሽው ግን አላስቀምጥ አላስተኛ አለኝ። ያን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።

የስድስት ዓመት ልጅ ሆነሽ አንድ እንግዳ ሲያወራ የአባትሽን ዕድሜ አምስት ዓመት ጨመረበት። አንቺ «አይደለም» አልሽ። ቆንጥጬ ወደ ጓዳ ያስገባሁሽ እኔ ነኝ። «ትልቅ ሰው ሲናገር ልጅ አይገባም» አልኩሽ። ልክ ነበርሽ እኮ! ከዚያ ወዲያ ጭምት ሆንሽ፣ እኛም ስም አወጣንልሽ፣ ደስም አለን።

አሁን ለማንም ነግሬው የማላውቀውን እጽፍልሻለሁ። ስትጨርሺ ልቅደደው ብለሽ እንዳትጨነቂ፤ አስቀምጪው።

ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ትልቁ ዶክተር ያኔ ትልቅ አልነበሩም፤ ከትምህርት ቤት ከወጡ ገና ሁለት ዓመታቸው ነበር። ግን ያለን ሐኪም እሳቸው ብቻ ነበሩ፣ እኔም እንደ ዳኛ እፈራቸው ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት የሚንቀጠቀጥ ልጅ ታቅፋ እየሮጠች መጣች። በሩ ላይ ተቀበልኳትና እስከ አልጋው ተሸክሜው ሮጥኩ። ሠላሳ እርምጃ ነው፤ ስንት ጊዜ ሄጄ ቆጥሬዋለሁ። ዶክተሩ ዕድሜውን ጠየቁ፣ እናቱ «አራት ዓመቱ» አለች። «አሥራ ስድስት ኪሎ» አሉና የመንቀጥቀጥ ማቆሚያውን መርፌ በዚያ አዘዙ።

ልጁ በሽታ የበላው ልጅ ነበር። ትልቅ ያስመሰለው የተጠቀለለበት ብርድ ልብስ ነው። ዶክተሩ ብርድ ልብሱን አዩ፤ እኔ ልጁን ተሸከምኩ። ክንዴ ነግሮኝ ነበር። ዶክተሩ መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ዝም አልኩና ሰጠሁት።

መንቀጥቀጡ ቆመ። እናቱ እጄን ያዝ አድርጋ ሳመችኝ። ከዚያ ትንፋሹም ቆመ። ያኔ የሚያስተነፍስ ማሽን ቀርቶ በእጅ የሚጨመቀው ፊኛ እንኳ አልነበረንም። በአፌ ሞከርኩ። እናቱ ገና አልገባትም፣ እጄን አልለቀቀችም ነበር።

ካርዱ ላይ በሽታው ተጻፈ። ማንም አልጠየቀኝም። ከማግሥቱ ጀምሮ በክንዴ ሳያልፍ አልጋ የያዘ ልጅ የለም። ድንቹም፣ ሳቁም፣ ሚዛን የሚለው ስምም ከዚያ የመጣ ነው። ሲስተርሽ ሳይስቁ የቀሩት ለምን እንደ ሆነ ገብቶኛል። ያ ልጅ ስንት ኪሎ እንደ ነበር ክንዴ እስከ ዛሬ ያውቀዋል። ልጽፍልሽ ብዬ ቁጥሩ ጋ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ፤ ይቅር።

አንቺ የገደልሽው አሻንጉሊት ነው። ማብሪያውን ሲጫኑት ተነሥቶ ይተነፍሳል። ይህን ስረዳ ነው በሁለት እጄ ራሴን የያዝኩት። እንዲህ ያለ ክፍል በዓለም ላይ አለ? ሰው ገብቶ የሚሳሳትበት፣ ተሳስቶም ማንም የማይሞትበት፣ ወጥቶ ደግሞ ተመልሶ የሚሞክርበት? ይህን ያሰበ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? እኔ ለዚያ ክፍል ግማሽ ዕድሜዬን እሰጥ ነበር። አንቺ ግን በነጻ ገብተሽበት አፈርኩ ትያለሽ። ሂጂና እንደገና ግቢበት።

ከእንግዲህ መለኪያም ምንም አትላኪልኝ። ሐኪም የሚያስቆመውን ያንን ንግግር ጻፊልኝ፤ ቃል በቃል፣ እንዳለ።

አክስትሽ


የካቲት 23 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎት፣ ከበፊቱ ይልቅ ዛሬ ለማከብርዎት እትዬ፤

ዕድሜ ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ኮሪደሩ ላይ መስኮት አጠገብ ቆሜ አነበብኩት፣ ተቀምጬ ደገምኩት። ጥፋት የለብዎትም አልልም፤ እንዲህ ብዬ ብጽፍ እንደማያምኑኝ አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልበል። አብሬዎት በሠራሁበት ስድስት ዓመት ብቻ ስንት ልጅ በክንድዎ አለፈ? እኔ ሳቁን አይቼ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ለካ በየቀኑ ሲጠብቋቸው ኖረዋል። ይህን ሳስብ አሥራ ሁለቱ አልጋ ከነሚዛናቸው ያንሱብኛል።

አልፌያለሁ!

ያው ክፍል፣ ያው አሻንጉሊት፣ ያው ባለሽበቱ ሐኪም። መንቀጥቀጡ ጀመረ፣ እሳቸውም እንደገና ለሃያ ኪሎ አዘዙ። አሻንጉሊቱን ዝቅ ብዬ ሳየው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የመጣ መሰለኝ። ያኔ አፌ ተከፈተ። ድምፄ ዘይት እንዳልነካው በር ሲጢጥ አለ፣ ግን ወጣ። ሐኪሙ ፊታቸውን አጠቆሩና «እኔን ልታስተምሪኝ ነው?» ብለው ጮኹብኝ። ለካ ፈተናው እሱ ነው፤ አንዴማ ብዙ ሰው ይናገራል አሉ። ደገምኩት። ሐኪሙ እጃቸውን አንሥተው «አመሰግናለሁ ሲስተር» አሉ፣ ባለደቂቃዋም ሰዓታቸውን ኪሳቸው ከተቱ። በኋላ ሐኪሙ በር ላይ አግኝተውኝ «ይህ ሽበት ስንት ሰው ዝም እንዳሰኘብኝ ባውቅ ኖሮ ቀለም እቀባው ነበር» አሉኝ። ሳቅኩ፣ እሳቸው ግን የምራቸውን ነው።

የጠየቁኝ ንግግር ይኸው፦

«ዶክተር፣ አንዴ ይጠብቁኝ። ያዘዙት ለሃያ ኪሎ ነው፤ እኔ የመዘንኩት አሥራ ሁለት ነው። ስጋት አለኝ።»

በቃ ይኸው ነው እትዬ። መጀመሪያ የሰሙትን ይመልሱላቸዋል፣ ከዚያ የሚያውቁትን ይናገራሉ፣ ከዚያ ስጋት አለኝ ይላሉ። አልሰማም ካሉ ይደግሙታል። ክብርም አይነካም፤ አንቱታውም አለበት። ባለደቂቃዋ ስለ እርስዎ ስጠይቃቸው፣ ምሥጢርዎን ሳልነካ ነው፣ «ብቻቸውን ሆነው ጮክ ብለው ይለማመዱት፤ አፍ ካልለመደው በጭንቅ ሰዓት አይገኝም» ብለዋል። ሰላምታም ልከውልዎታል።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ እመጣለሁ። ወረቀቱን በሻንጣ አላደርገውም፣ በእጄ ነው የምይዘው።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 20 ቀን

ጭምት ለነበረችው ልጄ፤

እሰይ! አፍሽን የከፈተልሽ ፈጣሪ አይዝጋብሽ። ማለፍሽን ስሰማ እልል ብዬ ዋርዱን ቀሰቀስኩት፤ ሦስት ሕፃን አስለቅሼ እኔው አባበልኩ።

ንግግሩን እንዳልሽው ተለማመድኩ። የመድኃኒት ክፍል ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ለቁም ሣጥኑ ስናገር ሰነበትኩ። ጽዳት ሠራተኛዋ ሰምታኝ «ሲስተር፣ ከማን ጋር ነው የሚጣሉት?» አለችኝ። «ከቁም ሣጥኑ ጋር፤ እሱ ቢያንስ አይቆጣም» አልኳት። በስተርጅና አበደች ብላ ሳታስወራብኝ አልቀረችም።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ራውንድ ላይ ሳለን አንድ አባት የሚንቀጠቀጥ ልጅ ትከሻው ላይ አጋድሞ ገባ። ልጁ የታላቅ ወንድሙን ካፖርት ለብሷል። ተቀበልኩት። ትልቁ ዶክተር ዕድሜውን ጠየቁ፣ አባትየው «ስድስት ዓመቱ» አለ። «ሃያ ኪሎ» አሉና መርፌውን አዘዙ። ወጣቷ ነርስ መድኃኒቱን ቀዳች። ዶክተሩ ቀና ብለው አዩኝ፤ ልክ እንደ ያኔው።

ልጄ፣ ቁም ሣጥኑን አሰብኩት።

«ዶክተር፣ አንዴ ይጠብቁኝ» አልኩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሠላሳ ዓመት በዚያ ዋርድ ስኖር ድምፄን እንዲህ ሰምተውት አያውቁም። «ያዘዙት ለሃያ ኪሎ ነው። ክንዴ የመዘነው አሥራ ሦስት ነው። ስጋት አለኝ።»

ልድገመው ብዬ አፌን ከፍቼ ነበር። መድገም አላስፈለገም። ዶክተሩ ወደ ነርሷ ዞረው «በአሥራ ሦስት ስጪው» አሉ።

ሰጠችው። መንቀጥቀጡ ቆመ። እኔ በአልጋው ግርጌ ቆምኩና እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ፣ አንቺ እንደ ጻፍሽልኝ። ደረቱ ተነሣ፣ ወረደ። ተነሣ፣ ወረደ። አንድ ሙሉ ደቂቃ አየሁት። በሕይወቴ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ከዚያ ደቂቃ የሚበልጥ ግን አላየሁም። በኋላ በሚዛን ሲወጣ አሥራ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ሆነ። ነርሶቹ «ሲስተር፣ ሁለት መቶ ግራም ሳቱ!» ብለው ቀለዱብኝ። አባትየውን «ከነካፖርቱ ብትሸጥልኝ አተርፍ ነበር» አልኩት። ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፤ ያን ቀን ሳቁ ቀለለኝ።

ራውንዱ ሲያልቅ ዶክተሩ ሌሎቹን አሰናብተው ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። 

«ሲስተር፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው አይደል?» አሉኝ።

የምኑ ብዬ አልጠየቅኩም። «ሆነው» አልኩ።

«ከበሩ እስከ አልጋው የተሸከምሽው አንቺ ነበርሽ።»

«እኔ ነበርኩ።»

«ያኔም ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር ዶክተር።»

መነጽራቸውን አውልቀው በጋዋናቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር፤ ንጹሕ መነጽር ነው። «እኔ እርግጠኛ አልነበርኩም» አሉ። «መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ቀና ብዬ አንቺን አየሁ። አንቺ የያዝሽው ልጅ ነው፣ ከተሳሳትኩ ትነግረኛለች ብዬ። ዝም ስትዪ ልክ ነኝ አልኩ።»

ልጄ፣ ይህን ያህል ዘመን የፈራኋቸው ሰው ያን ቀን በዓይናቸው ሲጠይቁኝ ኖሯል። ጥያቄ መሆኑን አላወቅኩም። ዝም ያልኩት በማክበር መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ጋ የደረሰው አዎ ሆኖ ነው።

«ስንት ነበር?» አሉኝ።

ላንቺ ልጽፈው ያቃተኝን ቁጥር ለእሳቸው ነገርኳቸው።

«ዘጠኝ» አልኩ። «ዘጠኝ ኪሎ ነበር ዶክተር።»

ሰው ያልፋል፣ ያገድማል፤ እኛ ሁለት ሽማግሌዎች እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጠን አለቀስን። ሲበቃቸው ተነሡና ቁልፉን አምጪው አሉኝ። ክፍሉን ከፍተን መስኮቶቹን ለነፋስ ገለጥናቸው፣ የማሽኖቹንም ላስቲክ አንድ በአንድ አነሣን። አራቱ አልጋ ተራቁተው አንቺን ይጠብቃሉ።

በሰላም ግቢልኝ፤ ከመንገድ ክፉ ይሰውርሽ። ስትመጪ የክፍሉ ኃላፊ አንቺ ነሽ፣ እኔ ከሥርሽ ነኝ። ስሳሳት ካየሽኝ፣ እትዬ ትልቅ ሰው ናቸው ብለሽ እንዳታልፊኝ። አንዴ ይጠብቁኝ በዪኝ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እሰማሻለሁ።

አክስትሽ፣ ሚዛን